ያንተ ያያል፣ የኔ ይለካል

«ይህ ካሜራህ በየትኛው ዓይኑ ነው የሚያየው?» ብሎ ጀመረኝ ሙሽራ አንሺው። ስሙን ልተወው። በፍራንክፈርትና በአካባቢዋ እሱ ያላነሳው የሐበሻ ሰርግ ካለ፣ ሙሽሮቹ ተጣልተው የቀረው ብቻ ነው።

«በየትኛውም አያይም፤ ይለካል» አልኩት። «ማየት የኔ ሥራ ነው። ያንተ ካሜራ ስለሚያይልህ አንተ ማየት ካቆምክ ቆየህ።»

«የኔማ ዓይን ፈልጎ ይይዛል!»

«አይተነዋል። ባለፈው ተክሊል ላይ ሙሽራውን ትቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የመልአክ ዓይን ይዞ ቀረ። አልፈርድበትም፤ የመልአኩ ይበልጣል።»

ተረቡ ይቆየንና፣ «ይለካል» ያልኩት እውነት ነው። እንደ ላይካ ባለ ሬንጅፋይንደር ካሜራ መመልከቻው ውስጥ የምታየው ምስል በሌንሱ በኩል አልፎ የመጣ አይደለም። ከፊት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ መስኮት አለ። የትንሹ መስኮት ምስል ውስጥ ለውስጥ ተሻግሮ በትልቁ መሃል ላይ ያርፋል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞር ሁለቱ ምስሎች ይቀራረባሉ፣ ሲገጥሙ ርቀቱ ተለካ። ሌንሱ ራሱ ምን እንዳየ ግን ፊልሙ እስኪታጠብ የሚነግርህ የለም። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲሆን ማንም አይጨነቅም። ረጅም ሆኖ አፉም ሰፊ የሆነ ሌንስ ሲገጠም ነው ጉዱ የሚጀምረው።

ይህን ሙሽራ አንሺው አሳምሮ ያውቃል። «ታዲያ በዚያ በ75ህ ስታነሳ የሚጠራው የሰውየው አፍንጫ ነው ወይስ ጆሮው?»

«የፈለግሁት። አንተ ሙሽራይቱን በኮምፒውተር ስታለሰልሳት አፍንጫ ይተርፋታል?»

75 ያለው ዋልተር ማንድለር ካናዳ፣ ሚድላንድ ኦንታሪዮ ውስጥ የነደፈውንና በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 የወጣውን ሱሚሉክስ ኤፍ 1.4 ነው። በፊልም ዘመን የተለመደውን የ0.03 ሚሊ ሜትር የብዥታ ወሰን ይዘን ብናሰላ፣ አፉን ሙሉ ከፍቶ በ1 ሜትር ሲያነሳ ጥርት የሚለው ወደ 1.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ፊቱን ትንሽ ካዞረ ሰው አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይቀራል። በ2017 የወጣው ኖክቲሉክስ 75 ኤፍ 1.25 ደግሞ በ85 ሴንቲ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

«እንግዲያ ሰውየው መተንፈስ የለበትም!»

«አንተም። እሱ ግን ፎቶ ሊነሳ ስለመጣ ይፈቀድለት።»

ይኸኛው ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ለሚበላሸው ፍሬም ሁሉ መሣሪያውን መክሰስ ልማድ ሆኗል። አብዛኛው ጥፋት ግን የአንሺው ወገብ ነው። ምስሎቹን ገጥሞ ሹተሩን እስኪጫን ድረስ ሰውነቱ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይወዛወዛል፣ ያለው ጥራት በሙሉ ይሄዳል። ሌላም አለ። የሚገጥመው ምስል የሚታየው የፍሬሙ መሃል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ለክተህ ፊቱን ወደ ጠርዝ ለማድረግ ካሜራውን ታዞራለህ። ዐሥር ዲግሪ ብቻ ብታዞር የጥራቱ ወለል በ1 ሜትር ላይ ከፊቱ ኋላ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። 75ቱ የሚሰጥህ በሙሉ 1.4 ነው ብያለሁ፤ ሒሳቡን ራስህ ጨርሰው።

«ምን ይሻላል ታዲያ? ጸሎት?»

ጸሎት አይከለከልም። ከሱ በፊት ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ጠርዝ ፈልግ፤ የመነጽር ክፈፍ፣ የኮሌታ ጫፍ፣ የነጠላ ጥለት። ሁለቱ ምስሎች የሚንሸራተቱት ወደ ጎን ስለሆነ አግድም መስመር ምንም አይነግርህም። አግድም ብቻ ካገኘህ ካሜራውን ጠምዘዝ አድርገህ ለካ። ቀለበቱን ወዲያና ወዲህ አታመላልሰው፤ ከአንድ ወገን መጥተህ ሲገጥም ቁም። ቅርብ ከሆንክ ደግሞ ቀለበቱን ተወውና ራስህ ዘንበል በል። ዓይንህ መነጽር የሚፈልግ ከሆነም መመልከቻው ላይ የማስተካከያ ሌንስ አስገጥም። ብዥ ያለ ነገር ከብዥታ ጋር አይገጥምም።

ሙሽራ አንሺው ትንሽ አሰበና አዲስ መውጫ ያገኘ መሰለው። «ራቅ ብለህ አንሳና ተገላገል!»

እዚህ ላይ ጋሼ ገቡ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ካሜራ ሆድ ውስጥ የኖሩ ጥገና አዋቂ ናቸው፤ ሲናገሩ ቡና እንኳ ይቀዘቅዛል። «አይገላገልም» አሉ። «ስትርቅ የጥራቱ ስፋት በርቀቱ ስኩዌር ያድጋል። የመለኪያው ስህተትም በዚያው በስኩዌር ያድጋል። እኩል ናቸው። መፍትሔው ያለው በሁለቱ መስኮቶች መካከል ነው።»

እውነታቸውን ነው። የሬንጅፋይንደር አቅም የሚለካው መስኮቶቹ በተራራቁበት ልክ ነው፤ ይህ ርቀት መሠረት ይባላል። በ1954 የወጣው ላይካ ኤም3 መሠረቱ 68.5 ሚሊ ሜትር ነበር። መመልከቻው በ0.91 እጥፍ ስለሚያሳይ ለዓይን የሚተርፈው 62 ገደማ ነው። ኤም6 ላይ መሠረቱ 69.25 ሆኖ መመልከቻው ግን በ0.72 ያሳንሳል፤ የሚተርፈው 50 ነው። ጥያቄው ሌንሱ ስንት ይፈልጋል ነው። ዓይን የዲግሪን አንድ 60ኛ ይለያል ብለን ብንነሳ፣ ለ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1 ሌንስ 25 ይበቃል። 90 ኤፍ 2 እና 75 ኤፍ 1.4 ሁለቱም 40 ገደማ ይጠይቃሉ። 135 ኤፍ 2.8 ግን 63 ይላል። ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ዓይን ከዚህ የተሻለ ይለያል፤ ጠርዝ ፈልግ ማለቴ ለዚህ ነው።

ስለዚህ «በሬንጅፋይንደር ረጅም ሌንስ አይሆንም» የሚለው ወሬ ሁሉንም በአንድ ጆንያ የሚከት ነው። ኤም6 ለ90ው በቂ ነው፣ ለ135ቱ ኤፍ 2.8 አይበቃም፣ አለቀ። መመልከቻው ላይ የሚጠመዘዝ 1.4 እጥፍ አጉሊ ብትጨምር 50ው 70 ይሆንና ይደርሳል።

«ጀርመኖቹ ራሳቸው እኮ በሌንሱ በኩል ለማየት መስታወት ለምነው አስገብተዋል!» አለ ሙሽራ አንሺው፣ ድል እንደሸተተው።

አልክድም። ለ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ዛይስ ያወጣው ሶናር 180 ኤፍ 2.8 በመጀመሪያ በቀጥታ ከኮንታክስ ካሜራ መለኪያ ጋር ተያይዞ ነበር። በላይኛው ሒሳብ 112 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ያ መሠረቱ ሰፊ የተባለለት ኮንታክስ ሁለት እንኳ ያለው 90 ነው። ብዙም ሳይቆይ ባለ መስታወት ሳጥን ተሠራለትና በሌንሱ በኩል ማየት ተጀመረ። ላይካም ለረጃጅሞቹ ሌንሶች ቪዞፍሌክስ የሚባል የራሱን ሳጥን አመጣ። በ1959 ኒኮን ኤፍ ሲወጣ ረጅም ሌንስ የሚወድ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ሆነ።

«ስለዚህ ተሸነፍክ።»

«ከ135 በላይ አዎ። ከዚያ በታች ግን አንተ ባትሪ ስትሞላ እኔ አንስቼ ጨርሻለሁ።»

ጋሼ ሳቁና ስለ ብረቱ አነሱ። የላይካ ኤም ካሜራ ውስጥ ያለው ትንሽ መንኮራኩር የሚያውቀው የአንድ ሌንስ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ 51.6 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለውን። ሌሎቹ ሁሉ እንቅስቃሴያቸውን ወደዚያ መልሰው ነው የሚነግሩት። 90 ሚሊ ሜትሩ የራሱን ጉዞ በሦስት አካፍሎ ያቀብላል። እና መገናኛው ላይ የአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር መዛነፍ ቢኖር ሌንሱ ዘንድ ሦስት መቶኛ ሆኖ ይደርሳል። «ለዚህ ነው» አሉ ጋሼ፣ «ሌንሱን ብቻውን ወይም ካሜራውን ብቻውን ይዞ የሚመጣን ደንበኛ የምመልሰው። ባልና ሚስት ለየብቻ አይታረቁም።» መዛነፉን ለማወቅ ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አቁሞ፣ የተጋደመ ማስመሪያ አንድ ቁጥር ላይ ለክቶ፣ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍቶ ማንሳት ይበቃል። የጠራው ቁጥር የለካኸው ካልሆነ ጋሼ ዘንድ ነው። ወይም ከ2012ቱ የላይካ ኤም ዲጂታል ወዲህ እንደሚቻለው፣ ከኋላ ባለው ስክሪን ላይ ሌንሱ ያየውን አይተህ ታነሳለህ። እኔ እሱን አላፍርበትም፤ ያንገበገበው ሙሽራ አንሺውን ነው።

«ስክሪን ካየህማ ያው የኔን ሆንክ!»

«ቲሸርት ስለለበስክ እግር ኳስ ተጫዋች ሆንክ?»

ዝም ሊል ነው ስል ቦርሳዬ ውስጥ እጁን ሰደደ። «ይሄ ሌንስ ደግሞ ምን አጥልቋል?»

«135 ኤልማሪት ኤፍ 2.8 ነው። መነጽር አለው።»

«ሌንስ መነጽር ያደርጋል?!»

«ያደርጋል። ሁለቱም መስኮቶች ፊት ተቀምጦ 1.5 እጥፍ ያጎላል፤ የኤም6ን 50 ወደ 75 ያወጣል። ደግሞ እንዳንተ ዕድሜው ሲገፋ ያደረገው እንዳይመስልህ፤ በ1963 ሲወለድ ጀምሮ ነው።»

«ይሸጣል?»

«ካሜራህ ላይ በማያያዣ ይገጥማል። መነጽሩ ግን ምንም አይሠራልህም።»

«ግድ የለም» አለ፤ «ሌንሱን እኔ እወስዳለሁ፣ መነጽሩን አንተ አድርገው።»