ሳጥንህን ክፈትና ሽክ በል

«ቆቦ ተቀምጦ ደግሞ የከተማ አለባበስ!» አለ አንዱ፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣ። ቆቦ ከተማ አይደለችም ያለህ ማነው ወንድምዓለም? ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚወስደው አስፋልት መሀሏን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እናንተ ማታ የዘነጣችሁበትን እኛ በማግስቱ እናየዋለን።

«ጃኬት ሳይደርቡ ዝነጣ የለም» ይላል ደግሞ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ። ያንተ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች፤ የኛዋ 1,500 ገደማ ናት። የእንጦጦን ብርድ መከላከያ ለብሶ የራያን ሜዳ መሻገር ሽክ ማለት ሳይሆን ንስሐ መግባት ነው።

«እሺ ምን ልልበስ?» ሳጥንህን ክፈታ! ነጭ ካናቴራ አለህ። የወንድምህ ሰፊ ሸሚዝ አለ፤ ሳትቆልፍ ደርበው፣ እጅጌውን እስከ ክርንህ ጠቅልለው። ኮሌታውን ግን ተኩሰው፤ የከሰል ካውያ ከሆነ አመድ እንዳያስነካህ መጀመሪያ ሥሩን ጥረገው። የወደቀውን ቁልፍ ባገኘኸው ክር አትትከለው፤ ነጭ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ክር ከሩቅ ይጣራል። ዘናጭ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የዋጋው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

«ጂንሴ እኮ ነትቧል!» ይንተብ! ጂንስ ሲወለድም የሠራተኛ ሱሪ ነው። ልብስ ሰፊው ጃኮብ ዴቪስና ነጋዴው ሌቪ ስትራውስ በ1873 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጡት፣ የጉልበት ሠራተኛው ኪስ እንዳይቀደድ በመዳብ አጥብቀው ነው። ማሽላ ሲታጨድበት የነተበ ጂንስ ታዲያ ከማን ያንሳል? ፋብሪካው በድንጋይ እያሸ የሚያስመስለውን አንተ በላብህ አምጥተኸዋል።

«የሶለል ቀሚስ ለሶለል በዓል ነው» ያልሽው እህቴ፣ ነሐሴ ባለፈ ቁጥር ልብስሽን የምታስሪው ምን አጥፍቶ ነው? በሸራ ጫማ ልበሺውና አስፋልቱ ላይ ውጪ። ነጠላውንም አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊው፤ ጂንስም ብትለብሺ ያምርበታል። ጥለቱ ደማቅ ከሆነ ግን ሌላውን ባለ አንድ ቀለም አድርጊው፤ ሁሉም ልብስ ባንዴ ካወራ የሚሰማ የለም።

«አዲስ ካልገዛሁ አልወጣም» ብለህ ብር ልትበደር የተነሳኸው ደግሞ፣ ተመለስ። ብድሩ ለዘር መግዣ ይቆይህ። ሸሚዝህን ተኩስና ውጣ።