የዓዲ ሓቂ ዶሮዎችና የአቦይ ኩኩሉ ሪሞት

ተረት ተረት። የላም በረት።

ላሟ ትቆየንና፣ መቐለ ዓዲ ሓቂ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ጓሮ ውስጥ የዶሮ መንደር ነበር። ሴትየዋ ማታ ሲኒዋን አጥባ ስትተኛ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ይረሳታል፤ መስኮቱም ክፍት ያድራል። ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ ተደርድረው ያያሉ። አንድ ቀን ሪሞቱ ከመስኮቱ ደፍ ወድቆ ጓሮ ተገኘ። አውራው ዶሮ፣ አቦይ ኩኩሉ፣ አንድ እግራቸውን ጫኑበት። ከዚያ ወዲያ አላነሱም።

ታዲያ ምን ያዩ ነበር? ዜና ሲሆን አራት አውራ ዶሮዎች ጠረጴዛ ከበው ይጮኻሉ፤ አንዲት ቆንጆ ዶሮ ስማቸውን እየጠራች ተራ ትሰጣለች። ማስታወቂያ ሲሆን ያቺው ቆንጆ ሽርጥ ታጥቃ በሳሙናና በዘይት ደስታ ትፈነድቃለች። በነሐሴ አሸንዳ ሲደርስ ልጃገረዶቹ ጥልፊ ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ቡና ሻጯ በር ላይ ይመጣሉ፤ የሰጠውን እያመሰገኑ፣ የሰሰተውን በዘፈን እያሽሟጠጡ ግቢውን ያደምቁታል። ማታ በሳጥኑ ሲታዩ ግን ድምፃቸው ተቀንሶ በላዩ አንድ ጎርናና ድምፅ ስለ ውበታቸው ይተርካል። ቄቦቹ ይህን ልብ ብለዋል፤ ቀን ሲያሽሟጥጡ የሰሟቸው ልጆች ማታ ዝም ብለው ሲሽከረከሩ ማየት ግራ አጋብቷቸዋል።

የበዓል ፕሮግራሙስ! ለዶሮ የበዓል ፕሮግራም ማየት ምን እንደሆነ አንባቢ ይፍረደው። 12 ብልት ወጥታ፣ በበርበሬ ተሠርታ፣ ከላይዋ እንቁላል ተጥሎባት ትቀርባለች። ሌሊቱን ቆማ የሠራችው ሴት ከጓዳ ብቅ ስትል አቅራቢው አንድ ጊዜ ጎርሶ «እጅሽ ይባረክ» ይላታል፤ እሷም ወደ ጓዳ ትመለሳለች። አንዲት ቄብ በድንጋጤ ከቆጡ ወደቀች።

በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን መጣ። የቱርኩ ድራማ በአማርኛ እየተናገረ ዓዲ ሓቂ ገባ። ከሁሉ የተወደደው እንዲህ ያለው ነበር፦ ባለጠጋው አውራ ዶሮ ድሃይቱን ቄብ በሌሊት ክንፏን ይዞ ይጎትታል፤ መኪና ውስጥ ይወረውራታል፤ ቁልፍ ያለው ቤት ያስገባታል። ብዙ ክፍል ታለቅሳለች። ከዚያ እሱ ይቆስላል ወይም ያተኩሰዋል፤ ውሃ ታጠጣዋለች፤ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ሙዚቃው ይጀምራል። ቀጥሎ ሠርግ ነው። ቄቦቹ አንጀታቸው ተንሰፈሰፈ። ጠዋት ጥሬ እየለቀሙ ያንኑ ያወራሉ፤ አንዷ «እኔ ብሆን አላጠጣውም» ስትል ሌላዋ «ጨካኝ!» ትላታለች፤ ሦስተኛዋ ባሏ ምን እንዳደረጋት ትነግራቸዋለች።

አውራዎቹን የከነከናቸው ይህ ወሬ ነው። በሰው አገርም ቃና ሲጀምር የኪነ ጥበብ ማኅበራት የውጭ ድራማው ሥራችንንና ባህላችንን ይጎዳል ብለው ተቃውመው ነበር። የእንጀራው ነገር ይገባኛል። የባህሉ ክርክር ግን በዓዲ ሓቂ ጓሮ እንዴት እንደተካሄደ ስሙ።

አውራዎቹ በለሱ ሥር ተሰበሰቡ። «ባህላችን ተበላሸ!» አሉ አቦይ ኩኩሉ።

«የትኛው ላይ ነው የተበላሸው?» አሉ አደይ ገብስማ። በዕድሜ ለሁሉም እናት ናቸው።

«ያቺ የልጅቱ እህት! ባሏን ጥላ ቤት የተከራየችው! በዚህ አገር ተሰምቶ ያውቃል?»

«ጠለፋውስ?»

«የቱ ጠለፋ?»

«ክንፏን ይዞ የጎተታት።»

አቦይ ኩኩሉ ሳቁ። «እሱማ ፍቅር ነው።»

«ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም?»

«እሱስ እኛም ዘንድ የነበረ ነው።»

ከዚህ ላይ ወሰራዋ ጣልቃ ገባች። ወሰራ ያደገችው በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዓዲ ሓቂ ግቢ፣ ሕግ ተማሪዎች በሚማሩበት መስኮት ሥር ነው፤ ፍርፋሪውን ከነአንቀጹ ለቅማለች። «አቦይ እውነታቸውን ነው» አለች። «በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ አንቀጽ 558፣ የተጠለፈችው በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባችው ክስ የለም ይል ነበር። ቁልፉን በያዘው ሰው ቤት ሆና ማለት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገደለችው። መዓዛ አሸናፊና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሙላት፤ ራሷን ተከላክላለች ተብሎ ነፃ ወጣች። «ድፍረት» የሚባለው ፊልም የዚያ ታሪክ ነው፣ በ2006 ለዕይታ የበቃው። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የወንጀል ሕግ ወጣ። አንቀጽ 587፦ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፤ ኋላ ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም። እንግዲህ ሕጉ መጨረሻውን ከለወጠው ቆይቷል። ድራማው ግን አሁንም በ1949ኙ ሕግ ነው የሚሠራው።»

በለሱ ሥር ጸጥ አለ። ኋላ አንዱ ወጣት አውራ፣ «ይቺ ዶሮ ጮኸች!» አለ። ሴት ዶሮ ከጮኸች መዓት ነው ተብሎ ቢላዋ የሚሳልበት አገር ነውና ወሰራ ያን ሰሞን ከማገዶው ክምር ሥር አደረች። ሪሞቱም ከአቦይ ኩኩሉ እግር ሥር አልወጣም።

ከዚያ በ2013 ጥቅምት መጨረሻ የትግራዩ ጦርነት መጣ። መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፤ ኋላ ጭራሹን ሄደ። ሸለምጥማጥ በየአጥሩ ገባ፤ አንድ ዓይነት ብቻም አልነበረም። ይህን በዶሮ አፍ መተረክ ይከብደኛል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጥቅምት 2014 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ውስጥ በሴቶች ላይ ስለተፈጸመው ጾታዊ ጥቃት ተጽፏል፤ የጦርነቱ ወገኖች ሁሉ ተጠቅሰውበታል። ጓሮው ውስጥ የሆነውን ዶሮዎቹ እርስ በርስ እንኳ ሙሉውን አልተነጋገሩትም። ያን ጊዜ የጮኸ አውራ ዶሮም አላስታውስም።

ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በ2015፣ አንድ ማታ መብራት መጣ። ሳጥኑ ሳይታሰብ በራ። የታየው ድራማ ነው፤ ባለጠጋው አውራ ዶሮ ቄቧን ክንፏን ይዞ ይጎትታል። ቀድሞ «አላጠጣውም» ያለችውን «ጨካኝ!» ብላ የገሠጸቻት ዶሮ አሁን ወደ ቆጡ ጫፍ ሸሸች።

«አጥፉት» አለች።

«ቆይ እንጂ» አሉ አቦይ ኩኩሉ፣ እግራቸው እንደተጫነ። «ገና ነው። ኋላ ይወዳታል፤ ታያለሽ።»

ያቺ ዶሮ ክንፏን አጣብቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አደይ ገብስማ ከቆጡ ወረዱ። እያነከሱ ሄደው የአቦይ ኩኩሉን ጣት በአፋቸው አንድ ጊዜ ነከሱት። እግር ተነሣ። ሪሞቱን የመጫኑ ዕድል ለወሰራ ደረሰ፤ ቀዩን ቁልፍ በምንቃሯ መታችው።

«እንግዲህ ምን ልናይ ነው?» አለች አንዲት ቄብ፤ ያለ ድራማ እንቅልፍ አይወስዳትም።

«ራሳችን እንጨርሰዋለን» አሉ አደይ ገብስማ። «መኪናው ውስጥ ወርውሯታል። ከዚያስ?»

ጭቅጭቁ ያን ጊዜ ተጀመረ። አንዷ በሩን ሰብራ ትውጣ አለች። ሌላዋ፣ በር የምትሰብር ዶሮ ማን ያምናል፣ ጎረቤት ይስማትና ይጩህ አለች። «ጎረቤት ሰምቶ ያውቃል?» አለች ከቆጡ ጫፍ ያለችው፤ ፊቷን ከግድግዳው አዙራ። እንግዲያው የሚሰማ ጎረቤት እንጨምር ተባለ፤ ማን ይሁን በሚለው ላይ ብቻ ግማሽ ሌሊት ሄደ። ውሃ ማጠጣቱ ይቅር የሚለው ግን ያለ ክርክር አለፈ።

«እኔስ የቱን ነኝ?» አሉ አቦይ ኩኩሉ ጣታቸውን እየላሱ።

«ተከሳሹን» አለች ወሰራ።

«ስንት ዓመት?»

«ከ3 እስከ 10።»

«አሥር ይሁን» አሉ አደይ ገብስማ።

«ይግባኝ እላለሁ!»

«ይቻላል አቦይ» አለች ወሰራ። «በመጀመሪያ ግን ከሳሿ ተናግራ ትጨርስ።»