የካዛብላንካ ወረቀት

«ካዛብላንካ» እ.ኤ.አ. በ1942 ለእይታ የበቃ፣ ማይክል ከርቲዝ ያዘጋጀው የሆሊውድ የፍቅር ፊልም ነው። ሃምፍሬይ ቦጋርት የሚጫወተው ሪክ ሞሮኮ ውስጥ መጠጥ ቤት ያለው ሲሆን፣ በፊልሙ እንደሚነገረው በ1935 ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያ አሻግሯል። በየትኛው በር እንዳስገባውና ማን እንደተረከበው ግን አይነገርም።

ታሪኩ የተንጠለጠለው ከሞሮኮ በሚያስወጡ ሁለት የይለፍ ወረቀቶች ላይ ነው። የያዛቸውን ሰው ማንም አይጠይቀውም፤ ስሙም ቢሆን የሚሞላው አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በታሪክ አልነበረም፤ ፊልሙ የተመሠረተበት ተውኔት ጸሐፊዎች ፈጠራ ነው። ከናዚ ማጎሪያ ያመለጠው ላዝሎም ካውያ ዛሬ የወጣ የሚመስል ነጣ ያለ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጀርመናዊው ሻለቃ በተቀመጠበት ቤት ዘና ብሎ መጠጥ ያዛል።

ከሲያትል ሐይቁን ተሻግሮ ቤልቪው የሚኖር ሐበሻ እናቱን ለማስመጣት ፎቶ፣ አሻራ፣ የልደት ማስረጃና ቃለ መጠይቅ ምን እንደሆኑ ያውቃል። ስለዚህ ፊልሙን ሲያይ፣ ኢንግሪድ በርግማን እንባዋ ግጥም ሲል እሱ የሚቀናው በሪክ አይደለም፤ በወረቀቱ ነው።

ፊልሙ ሦስት ኦስካር ወስዷል። አንዱ የተሰጠው ለድርሰቱ ነው።