ለሞኙ የጫካ ባለቤት ምስጋና

ላመሰግነው የተነሳሁት ሞኝ የሚኖረው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ያዩ ወይም ካፋ ውስጥ ነው። ከቤቱ ጀርባ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ጥላ የሆኑለት፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና የሞላበት ጫካ አለ። ከዚያ የሚለቅመው ፍሬ ጥቂት ነው። ጫካውን መንጥሮ በቆሎ ቢዘራበት ወይም ጥላውን አሳስቶ የተመረጠ ችግኝ ቢተክልበት በዓመት በዓመቱ የተሻለ ገንዘብ ይቆጥር ነበር። ይህን አያውቅም እንዳትሉ፤ መንጥሮ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ጎረቤት አያጣም። እሱ ግን መጥረቢያውን ለማገዶ ብቻ ያነሳል።

ሞኝ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሂሳቡ ነው።

ሂሳቡን የሚሠሩት ሥነ ምህዳርንና ኢኮኖሚን አንድ ላይ አድርገው የሚያሰሉ ባለሙያዎች ናቸው። ጫካው በምን ፍጥነት እንደሚሳሳ፣ ምን ምን ዝርያ እንደያዘ፣ ሰው ከእሱ ምን እንደሚያገኝና ለጥበቃው ምን እንደሚያወጣ በአንድ ሞዴል ውስጥ ያስገባሉ። በጀት የሚመድበው ባለሥልጣንም የትኛውን ጫካ ልጠብቅ፣ የትኛውን ልልቀቅ ሲል መልሱን ከዚያ ያገኛል። ሥራው ከባድና አስፈላጊ ነው። ያለ እሱ ጫካ በገንዘብ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ ዋጋው ባዶ ሆኖ ይቀርባል።

የእኛ የጫካ ቡናም በዚህ ሚዛን ላይ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ ላርስ ሃይን እና ፍራንዝ ጋትስቫይለር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ጫካዎች ያለው የአረቢካ ቡና ዘረ መል ምን ያህል ያወጣል ብለው ጠየቁ። በሽታን የሚቋቋም፣ ካፌይኑ ያነሰ፣ ምርቱ የበዛ ዝርያ ለማውጣት የሚሰጠውን ጥቅም ቆጠሩ። ውጤቱ 1,458 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ደግሞም 420 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ስሌቱ በሁለቱም ላይ አልተሳሳተም፤ በአንደኛው የወደፊቱ ጥቅም በዓመት 5 በመቶ እየተቀነሰ ተሰላ፣ በሌላው 10 በመቶ። አንድ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ አንድ ፍሬ ሳይረግፍ፣ ከጫካው ዋጋ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ወረቀት ላይ ጠፋ።

ይህ ቅናሽ የሚለካው ትዕግሥታችንን ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር በ5 በመቶ ሲሰላ ዛሬ 23 ብር ገደማ ያወጣል፤ በ10 በመቶ ሲሰላ 6 ብር እንኳ አይሞላም። የልጅ ልጅ ድርሻማ ሳንቲም ነው። ኮሊን ክላርክ የተባለው ካናዳዊ የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 የዚህን ስሌት መጨረሻ አሳይቷል። ዓሣ ነባሪ የሚራባው በዝግታ ነው፤ ገንዘብ ከእሱ ፈጥኖ የሚወልድ ከሆነ፣ ለአዳኙ ኩባንያ የሚያዋጣው የመጨረሻዋን ዓሣ ነባሪ ሳይቀር ገድሎ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ማዋል ነው። ክላርክ ይህን የጻፈው ለማስጠንቀቅ ነበር። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1982 የንግድ አደኑ እንዲቆም ወሰነ። በዚያ ቀመር ዓይን ይህም ሞኝነት ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሞኝነት አብዝቶ ይስጠን እላለሁ።

ወደ ቡናው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ገና ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ ትታያለች፣ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች፣ ትሰፋለች፤ ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል ወይም ቅርንጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ይደርቃል። ገበሬው ለቀማው ሳይደርስ ባዶ እጁን ይቀራል። የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት በሽታው ካልጣላቸው ዛፎች ነበር። 74110 የሚባለው ዝርያ እናት ዛፉ የተገኘችው መቱ አካባቢ ነው፤ የቁጥሩ መነሻ 74 የተመረጠበትን ዓመት እ.ኤ.አ. 1974ን ይነግረናል። ዛሬ ይህ ዝርያ በኢትዮጵያ በስፋት ይመረታል። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ማለት የሚቻል አረቢካ አገኘን ሲሉም ተክሉ የበቀለው ከኢትዮጵያ ከሄደ ዘር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ባለሙያ መቱ ሄዶ ዛፎቹን ቢያሰላ ኖሮ ምን ዋጋ ይሰጣቸው ነበር? በሽታው ገና አልመጣም። ያልመጣ በሽታን የሚቋቋም ዛፍ በየትኛውም ሞዴል ውስጥ ገና ስም የለውም። ያቆየልን ስሌት ሳይሆን ያልመነጠረ ሰው ነው፤ ሰውየው ዘረ መል ምን እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገውም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ የያዘው 1,458 ሚሊዮንን ነው፤ ሞኙ የያዘው ጫካውን ነው። ያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር የተቆጠረው ለዓለም ቡና አብቃይ፣ ዝርያ አውጪና ነጋዴ ነው። ጫካውን የተሸከመው ሰው ከዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም፤ የእሱ ድርሻ ያልዘራው በቆሎ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያዩና ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ክብሩ ይገባቸዋል። የጫካው ባለቤት ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ግን በክብር አይደለም፣ ከቡናው በሚያገኘው ገንዘብ ነው። የእሱ ልጅም ነገ ሂሳብ ይማራል፤ ሂሳቡን ሲሠራ ደግሞ መጥረቢያውን ያነሳል። እንዲህ ቢያደርግ ልንፈርድበት አንችልም።

ስለዚህ ሞዴል የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ሞዴሉን አንብባችሁ የምትወስኑ ባለሥልጣናት፣ አደራ። የቅናሹን መጠን መጨረሻ ገጽ ላይ አትደብቁት፤ በመጀመሪያው ገጽ፣ ከነሁለቱ ውጤት፣ በትልቁ ጻፉት። ከዚያ በፊት ግን ለጫካው ባለቤት በየዓመቱ የሚከፈል ድርሻ የሚል አንድ መስመር አስገቡ፤ ገንዘቡም ያዩ ድረስ ይድረስ።