ማስተርስ አለን፣ መንጃ ፈቃድ የለንም

አቃቂ ወንዝ ዳር ቆሞ «በዚህ አገር ለአካባቢ ሳይንስ ምሩቅ ሥራ የለም» ማለት ይከብዳል። አፍንጫ አይፈቅድም። ሞጆ ወርዶ፣ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ በታች ያለውን ውሃ አይቶ፣ እንዲህ ማለትም ይከብዳል። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. መኖሩ የተረጋገጠው እምቦጭ ዛሬም የዓሣ አስጋሪውን መረብ እያጠላለፈ ነው። የቆሼ ቆሻሻ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከመቶ በላይ ሰው ይዞ የተናደ ዕለት አገሩ ሁሉ «ባለሙያው የት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ባለሙያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ነበር። አሁንም እዚያው ነው። ሥራው በየሰፈሩ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ እየተከመረ፣ እየጨሰ ነው፤ የጠፋው ቀጣሪው ነው።

እኛ የምንለው በአካባቢ ሳይንስ፣ በአካባቢ ጥናት፣ በአየር ንብረት ለውጥ፣ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘን፣ ወረቀታችንን በፕላስቲክ ፋይል ሸጉጠን የምንዞረውን ነው። አንዳችን ከአራት ኪሎ፣ አንዳችን ከወንዶ ገነት፣ ሌላው ከሐሮማያ፣ ሌላዋ ከጎንደር። የመጣንበት ይለያይ እንጂ የቆምንበት ሰሌዳ አንድ ነው።

ስንማር እንዲህ አልመሰለንም። ስንቶቻችን የመመረቂያ ጽሑፋችንን የሠራነው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። በወንዙ የሚለማውን ቆስጣ ለካን፣ ጎመኑን ለካን፣ ሰላጣውን ለካን፣ አፈሩን ለካን። ክሮሚየም አገኘን፣ ካድሚየም አገኘን፣ እርሳስ አገኘን። ከእኛ በፊት የነበሩትም አግኝተው ነበር፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ያገኛሉ። ለመለካት ያየነውን አበሳ ደግሞ የለካ ብቻ ያውቀዋል። ማሽኑ ሲኖር ጋዙ የለም፣ ጋዙ ሲመጣ መብራት የለም፣ መብራት ሲመጣ ቁልፉን የያዘው ሰው ሥልጠና ሄዷል። ሦስቱም የተገናኙ ዕለት ቆስጣው በስብሷል። ያም ሆኖ ጽሑፉ አለቀ፤ መጨረሻው ላይም እንደ ወጉ «የሚመለከተው አካል ተገቢውን ክትትል ያድርግ» ብለን ጻፍን። የሚመለከተው አካል እንደማይገኝ ያወቅነው ሥራ መፈለግ ስንጀምር ነው።

ወረቀቱን ማውጣት ራሱ አንድ ሥራ ነው፣ ደመወዝ የሌለው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ወጪ መጋራት ከፍላችሁ ካልጨረሳችሁ ዋናው ዲግሪ አይሰጣችሁም። ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል። ቀጣሪው ደግሞ «ዋናውን አምጡ» ይላል።

ይሁን፣ ዋናውም ተገኘ እንበል። ከዚያ ማስታወቂያው አለ። ድሮ በጋዜጣና በሰሌዳ ነበር፤ አሁን ቴሌግራም ተጨምሮበታል፤ «ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት» የምትለው መስመር ግን ሁሉም ጋ ያው ናት። አካባቢ ሳይንስ የተማረው ልጅ «አካባቢ ጥናት» ተብሎ የወጣ ቦታ ላይ ይሄድና «አንተን አይመለከትም» ይባላል። አካባቢ ጥናት የተማረችው ልጅ «አካባቢ ሳይንስ» ተብሎ የወጣ ቦታ ላይ ትሄድና «ያንቺ አይገባም» ትባላለች። «አካባቢና ዘላቂ ልማት» የተማረው ሁለቱም ጋ ይሞክርና ልማቱን ትቶ እንዲመጣ ይነገረዋል። ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ያለው ደግሞ ገና ፋይሉን ሳይከፍት «አንተማ መምህር ነህ» ተብሎ ይመለሳል። መዝጋቢዋ አትጨክንብንም፤ ደግ ሴት ናት። ጣቷን ዝርዝሩ ላይ እያወረደች ከልቧ ትፈልግልናለች። የለንም።

«እትዬ፣ ትምህርቱ አንድ ነው፣ መጽሐፉ አንድ ነው፣ አስተማሪው ሳይቀር አንድ ነው» ብለን እንለማመጣለን። «እንግዲያው ተመሳሳይ ነው የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ አምጡ።» ዩኒቨርሲቲው «እኛ የሰጠነውን ዲግሪ እናውቃለን፣ ሌላው የሰጠውን አናውቅም» ይላል። እንደምንም ለምነን ደብዳቤው ሲጻፍ ፈራሚው ስብሰባ ነው፤ ፈራሚው ሲመለስ ማኅተም ያዥዋ ፈቃድ ናት፤ ማኅተሙ ሲያርፍ ምዝገባው ተዘግቷል። በኋላ የተቀጠረውን ስንጠይቅ ባዮሎጂ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ኬሚስትሪ ነው። በተዛማጅ ገብተው ነው። በዚህ አገር ለአካባቢ ሥራ፣ ከአካባቢ ምሩቅ በቀር፣ ሁሉም ተዛማጅ ነው።

ትምህርቱ ካለፈ ልምዱ ይጠብቀናል። «ሁለተኛ ዲግሪና 4 ዓመት፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና 6 ዓመት» ይላል ማስታወቂያው። ሂሳቡን እንሥራው። እኛ ሁለት ዓመት ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ስንመላለስ፣ ሌላው ሁለት ዓመት ቢሮ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ፤ እኩል ወጣን። እሱ ደመወዙን በላ፣ እኛ ፎቶ ኮፒ ከፈልን። አልፎ አልፎ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ከሥሩ «በቅርብ የተመረቁ ብቻ» ይላል። እኛ ልምድ ስንፈልግ ምረቃችን ርቋል።

እና ደግሞ ምክሩ! ጂአይኤስ ተማሩ አሉን፤ ከኪሳችን ከፍለን ተማርን። ሪሞት ሴንሲንግ ከሌላችሁ አይሆንም አሉን፤ ተማርን። የካርቦን ሂሳብ ነው የወደፊቱ አሉን፤ እሱንም ተማርን። ሰርተፊኬቱ ዲግሪውን አልፎ ፋይሉ አልዘጋ አለ። ከዚያ የግብረ ሰናይ ድርጅቱን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች እናነባለን። ዲግሪው ልክ፣ ልምዱ ልክ፣ ሥልጠናው ልክ። ከሁሉም በታች፣ አድራሻው ሊጀምር ሲል፣ «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው/ያላት» ይላል። ስንት ሴሚስተር ተቀምጠን ስለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ስንማር፣ አንድ መምህር «ልጆች፣ ሞተር መንዳት ልመዱ» ያለን የለም። ቃለ መጠይቅ የደረሰ ጓደኛችን ስለ ተፋሰስ አስተዳደር ሊያብራራ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «በጭቃ፣ ዳገት ላይ፣ ሰው አፈናጠህ ነድተህ ታውቃለህ?» ተባለ። የወረዳውን መንገድ ለሚያውቅ ጥያቄው ልክ ነው። ያናደደንም ልክ መሆኑ ነው።

መንግሥት ቤት እንግባ ያልን እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቤቱን ማግኘት አለብን። በ1987 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተባለ። በ2005 የአካባቢ ጥበቃና ደን ሚኒስቴር ሆነ። ትንሽ ቆይቶ የአየር ንብረት ለውጥ ተጨመረበትና ስሙ ከሰሌዳው ረዘመ። በ2011 ሚኒስቴርነቱ ቀርቶ ኮሚሽን ሆነ። በ2014 ደኑ ተነጥሎ ሄደና ዞሮ ዞሮ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሆነ። ደኑ ይመጣል፣ ደኑ ይሄዳል፣ እኛ እዚያው ነን። ስም በተቀየረ ቁጥር መዋቅር ይጠናል፤ መዋቅር እስኪጸድቅ ቅጥር አይኖርም፤ መዋቅሩ ሲጸድቅ ስሙ ይቀየራል። ጥቂት ጊዜ በኮንትራት የሠራን ሰዎች የልምድ ደብዳቤያችን የያዘው የድሮውን ማኅተም ነው። «ይህ መሥሪያ ቤት አሁን የት ነው ያለው? ያረጋግጥልን» ይሉናል። እርስዎ ነዎት፣ የተቀመጡበት ወንበር ነው፣ ብለን እንዴት እንንገራቸው?

ሕጉማ ወዶን ነበር። በአዋጅ ቁጥር 295/1995 የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የአካባቢ ጉዳይ የሚከታተል ክፍል እንዲያቋቁሙ ወይም ካላቸው ክፍል እንዲሰይሙ ታዟል። ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ይህን ስንማር መሥሪያ ቤቶቹን በጣት ቆጥረን ወንበር ተከፋፍለን ነበር። እነሱ ግን የረከሰውን መረጡ። ክፍል አላቋቋሙም፤ ሰየሙ። የተሰየሙት ሴትዮ ወይም ሰውዬ «ዘርፈ ብዙ» በሚባል ጠባብ ቢሮ ውስጥ ኤች አይ ቪን፣ ሥርዓተ ፆታን፣ አካል ጉዳተኝነትንና አካባቢን አንድ ላይ ይዘው፣ አራቱንም በአንድ የሩብ ዓመት ሪፖርት ያወራርዳሉ። ለእሳቸውም እናዝንላቸዋለን።

ፋብሪካ የገቡ ወንድሞችና እኅቶችም አሉን። መጠሪያቸው ያምራል፤ «የአካባቢና የሥራ ደኅንነት ኃላፊ»። ሥራቸው ጓንት መቁጠር፣ የእሳት ማጥፊያ ቀን ማየትና እንግዳ ማስጎብኘት ነው። የፍሳሽ ማጣሪያው አለ፤ ጉብኝት ሲኖር ይሠራል። «በሌላውም ቀን እናስነሳው» ያሉ ዕለት የመብራቱና የኬሚካሉ ሂሳብ ከራሳቸው ደመወዝ ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያቸዋል።

የፕሮጀክት ሥራስ? ፕሮጀክቱ ችግሩ ሲያልቅ ሳይሆን ብሩ ሲያልቅ ያልቃል። በጥር 2017 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆም፣ ለዓመታት በቪ8 መስኮት እጃቸውን ያውለበለቡልን ጓደኞቻችን ወርደው ሰሌዳው ሥር ተቀላቀሉን። ደስ አላለንም። ትንሽ ጠጋ በሉ ብለን ቦታ ለቀቅንላቸው። ከመካከላችን ዕድለኛ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረው ነው። እሱ ደግሞ በየዓመቱ እኛን የሚመስሉ ሰዎች እያስመረቀ ይልክልናል።

ዘመድ ደግሞ አለ። ዘመድ ሙያችንን የሚያስታውሰው በሐምሌ ነው። በ2011 የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ስልካችን አያርፍም። የአክስት መሥሪያ ቤት ይተክላል፣ የአጎት ዕድር ይተክላል፣ የጎረቤት ባንክ ይተክላል። «ያንተ ሙያ አይደል? ና እንጂ!» ሄደን ጉድጓዱን እንቆፍራለን፤ አጎት አካፋውን ተቀብሎ ፎቶ ይነሳል። ኅዳር ላይ ችግኙን የሚጠይቅ የለም፣ እኛንም የሚጠይቅ የለም። በቀረው ወር ሁሉ የምንሰማው «ይህን ሁሉ ተምረህ የግቢያችን ቱቦ ለምን ይሸታል?» የሚለውን ነው።

ፌስታሉንም እናንሳ። በ1999 የወጣው አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዲመረትም ሆነ ከውጭ እንዲገባ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ። ከእኛ የቀደሙት ምሩቃን ደስ አላቸው፤ መቼም ይህን ቁጥር የሚለካ ሰው ይቀጠራል አሉ። ጠበቁ። እኛም ተመርቀን ከጎናቸው ቆመን ጠበቅን። ቀጭኑ ፌስታል ግን ከሱቅ ሱቅ እየተንሳፈፈ ኖረ፤ ጎመናችንንም በእሱ ገዛን። በ2017 አዲሱ አዋጅ መጣና ፌስታልን ከነጭራሹ ከለከለ። መለኪያ አላስፈለገ፣ ለኪም አላስፈለገ። ወንዝ የሚበክለውን የሚቀጣውም ደንብ አስከባሪ ሆኗል። እኛ ውሃውን በጠርሙስ ቀድተን የኦክስጅን ፍላጎቱን ልንነግራቸው ዳርቻው ላይ ስንቆም፣ «ሣሩን አትርገጡ» ይሉናል።

የቀረን አማካሪነት ነው፤ የተፅዕኖ ግምገማ። እዚህ ላይ ሕጉ በእርግጥ ጥርስ አለው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ጥናቱ ሳይጸድቅ ፈቃድ እንዳያገኝ ይላል። ነገር ግን የጥናቱን ወጪ የሚከፍለው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። የሚከፍል ይመርጣል፤ የሚመርጥም «ይህ ፕሮጀክት ጉዳት አለው» የሚለውን ሰው አይመርጥም። ደግሞ በራሳችን ስም ለመሥራት የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ማረጋገጫው ልምድ ይፈልጋል። ልምዱ የሚገኘው ማረጋገጫ ካለው ሰው ሥር ነው። ስለዚህ በሰው ስም እንጽፋለን፣ ሰው ይፈርማል፣ ሰው ይከፈለዋል፣ ለእኛ የትራንስፖርት ይደርሰናል። የምንጽፈውም ከባዶ አይደለም። «ይህን እያየህ አስተካክለው» ተብሎ የቆየ ፋይል ይላክልናል። የቃሊቲ መጋዘን ጥናት ነው ብለን ስንከፍት ገጽ ሠላሳ ላይ ጉሬዛ ቁጭ ብሏል። የደቡብ ደን ውስጥ ሊሠራ ታስቦ ከነበረ መንገድ የመጣ ጉሬዛ ነው፤ ስንት ፕሮጀክት እንዳለፈ እሱ ነው የሚያውቀው። እናስወጣዋለን። ከጉሬዛው ጋር የሕዝብ ምክክሩንም እናያለን፤ የቃሊቲ ነዋሪዎች ስለ ቡና ማሳቸው ሥጋት ገልጸዋል።

ስልኩ የሚደወለው ማታ ነው።

«ለነገ ጠዋት አንድ የተፅዕኖ ግምገማ ታደርሱልኛላችሁ?»

«ፕሮጀክቱ ምን ደረጃ ላይ ነው?»

«ቀለም እየተቀባ ነው።»

አንቀጽ ልንጠቅስ አፋችንን እንከፍታለን። አከራያችን በበሩ ያልፋሉ።

«ስንት ገጽ ይሁንልዎ?»