የቁልፎች ነፃነት ይከበር!

አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙ ይቅር። ሰርቨሩ የአንድ ደንበኛን መዝገብ ጄሶን በሚባለው የመረጃ ቅርጸት ሲልክልኝ ቁልፎቹን፣ ማለትም የመረጃዎቹን መጠሪያዎች፣ ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ ብሎ ይደረድራል፤ መልሼ ስጠይቀው ቀበሌ፣ ስም፣ ስልክ። ያው ሰው፣ ያው ስልክ፣ ያው ቀበሌ! ዲጂታል ፊርማው ግን የሚሰላው ከጽሑፉ ላይ፣ ፊደል በፊደል ስለሆነ ፕሮግራሜ «ሰነዱ ተጭበርብሯል» ብሎ ይመልሰዋል። ደውዬ ባለሙያቸውን ብጠይቅ፣ «ወንድሜ፣ ጄሶን ላይ ቅደም ተከተል የለም፤ ስታንዳርዱን አንብበው» ተባልኩ።

አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጄሶን ስታንዳርድ፣ አርኤፍሲ 8259፣ የቁልፎቹ ስብስብ በእርግጥም ያልተደረደረ ነው ይላል። እንዴት ያለ ነፃነት ነው! ይህ ጥበብ ሰርቨር ውስጥ ታጉሮ ከሚቀር ለሐረር ይትረፍ።

ኤሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ከተማዋን ያጠሩበት ግንብ፣ ጁገል፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። አምስቱ እስካልጎደሉ ድረስ የትኛው የት ይቁም የሚለው ምን ያከራክራል? በየማለዳው ይበወዙ። በኤረር በር የገባችው ገበያተኛ በሸዋ በር በኩል ብቅ ትበል። ማታ ፈላና በር የለመዱት ጅቦች ሲመጡ ቀላቢያቸው ቅርጫቱን ይዞ ከከተማው ሌላ ጫፍ ይጠብቃቸው፤ ቱሪስቱም ሥጋውን በእንጨት አንጠልጥሎ ጨለማውን ያጉርስ። ጅቦቹ የሚሹለኩባቸው የግንቡ ቀዳዳዎችስ ለምን ይቀራሉ? እነሱም ይበወዙ፤ አንደኛው የዚያ ባለሙያ መኝታ ቤት ላይ ይረፍ። ጅቡ አልጋው ሥር ሲደርስ ባለሙያው «ቅደም ተከተል የለም» ይበለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮም ካርታውን ይዞ መጥቶ «ይህ ሌላ ከተማ ነው» ይበለን።

ወደ ሰርቨሩ ስንመለስ ደግሞ ዲስክ ነጋዴዎች ደስ ይበላቸው፤ ካሼ የሚባለው ጊዜያዊ ማከማቻ ቁልፎቹ በተበወዙ ቁጥር አንዱን መዝገብ እንደ አዲስ እየቆጠረ ደጋግሞ ያስቀምጣል። አንዲት የስልክ ቁጥር ስትቀየር የፋይል ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ፋይሉን በሙሉ ቀይና አረንጓዴ ያለብሰዋል፤ ያምራል።

ኧረ ደርድሩት! ስታንዳርዱ ያለው ተቀባዩ በቅደም ተከተሉ አይመካ ነው እንጂ ላኪው እየበወዘ ይፈርም አላለም። ፓይተን ላይ ሶርት ኪይስ የምትባል አንዲት ምርጫ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አርኤፍሲ 8785ም ቁልፎች በዩኒኮድ (ዩቲኤፍ-16) ኮዳቸው የሚደረደሩበትን ደንብ አስቀምጧል። በዚያ ደንብ በሮቻችን ሁልጊዜ ሰንጋ፣ ሸዋ፣ ቡዳ፣ ኤረር፣ ፈላና ናቸው። ሀ ሁ የቆጠረ ልጅም ያለ ሰርቨር እንዲሁ ይደረድራቸዋል።