የዘመን ዘበኞች ይኑሩልን

ካምፓላ ውስጥ ልብ ወለድ የሚያነብ ጠፋ የሚል ሰው ካለ ካባላጋላ ይውረድና ከሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ይቀመጥ። አቦሉ ሳይቀዳ አንዱ የጄኒፈር ናንሱቡጋ ማኩምቢን «የመጀመሪያዋ ሴት» ያነሳል፤ በረካው ሳይደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ ያልቃል። «መጽሐፉስ ጥሩ ነበር፤ ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ሴት የለችም።» አዲስ አበቤውም ይላታል፣ ጎንደሬውም ይላታል፣ ከጎን የተቀመጠው ኡጋንዳዊም ሰምቶ «ልክ ነህ ወንድሜ» ይላል። አገር የማያስማማው ሁሉ በዚህች ፍርድ ይስማማል። እኔ ብቻዬን ጥርሴን አፋጫለሁ።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ጥፋቱን ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ በተከታዩ ዓመት የጃላክ ሽልማትን ያገኘ ሥራ ነው። ኪራቦ የምትባል ልጅ በኢዲ አሚን ዘመን በገጠር ከአያቶቿ ጋር ታድጋለች። እናቷ ማን እንደሆነች የሚነግራት የለም። ትልልቆቹ ዝም ሲሉባት፣ መንደሩ ጠንቋይ ወደሚላት ዓይነ ስውር ጎረቤት፣ ወደ ንሱታ ቤት ተደብቃ ትሄዳለች። የመጽሐፉ ምስጢር ይኸው ነው። ልጅቱ ሽጉጥ አልመዘዘችም፤ ከአሚን ወታደር ጋር አልተታኮሰችም፤ አውሮፕላን አላበረረችም። ወንጀሏ «እናቴ የታለች?» ብላ መጠየቋና መልስ እስክታገኝ አለመተዋ ነው።

አንባቢዎቻችን ግን የዋዛ አይደሉም። የታሪክ ምሁር መዝገብ ቤት ገብቶ፣ አቧራ ውጦ፣ ዓይኑን አፍስሶ «ምናልባት» ብሎ የሚጽፈውን እነሱ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጨርሰውታል። የ1930ዎቹን ቡጋንዳ ጎጆ ለጎጆ ዞረው፣ የ1970ዎቹን ካምፓላ ሰፈር በሰፈር ፈትሸው፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ አሰልፈው ቆጥረዋል። ራሷን የቻለች አንድም አልተገኘችም። ይህን ያህል ሥራ በአንድ ስኒ ቡና!

ጥንቃቄያቸው ደግሞ ቦታውን ያውቃል። የዚህችው ደራሲ «ኪንቱ» እ.ኤ.አ. በ1750 ይጀምራል፤ ኪንቱ ኪዳ የተባለ ገዥ የማደጎ ልጁን በጥፊ ይመታል፣ ልጁ ይሞታል፣ በዚያ የተነሳው እርግማን ትውልድ እያሳደደ እስከ 2004 ካምፓላ ይወርዳል። ከ250 ዓመት በላይ መንገድ ሳይስት፣ አድራሻ ሳይጠይቅ፣ የልጅ ልጅ ልጆችን ደጃፍ በየተራ የሚያንኳኳ እርግማን! «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እርግማን የለም» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። እርግማን ያሳምናል። መንፈስ ያሳምናል። የምትጠይቅ ልጅ ግን፣ ኧረ ተው፣ ለማጋነንም ልክ አለው!

እንግዲህ ይህ ሁሉ እውቀት በወሬ ከሚባክን መሥሪያ ቤት ይከፈትለት። ስሙ የዘመን ዘበኞች ጽሕፈት ቤት ይሁን። ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሁሉ ዋና ባለታሪኳን ይዞ ይቅረብ፤ ገንዘቧን ራሷ የምትቆጥር፣ ሳታስፈቅድ የምትወጣ፣ ሁለት ጊዜ «ለምን?» ያለች ትመለሳለች። ወንድ ገጸ ባሕርይ ወረፋ አይይዝም። አንድ እጁ ታስሮ ሰባት ሰው ቢዘርር፣ በጥይት ተበሳስቶ ወንዝ ቢዋኝ፣ ማንኛውም ዘመን ይፈቅድለታል።

ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ሲጀምር ካምፓላን ትንሽ ማስተካከል ያስፈልጋል። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1945 ሴቶችን ሲቀበል የጣለውን «ወንዶች እንሁን» የሚል መፈክር ከዕቃ ቤት ያውጣ። ሣራ ንዬንድዎሃ ሂሳብ ልትማር ስትገባ «ሴት አላስተምርም» ብሎ ክፍሉን ጥሎ ለወጣው መምህር ሐውልት ይቁምለት፤ የዛሬው ሂሳችን ፋና ወጊ እሱ ነው። ንዬንድዎሃ፣ በኋላ ሣራ ንቲሮ የተባለችው፣ ታሪክ አጥንታ፣ በ1954 ከኦክስፎርድ ተመርቃ፣ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ባለዲግሪ ሆና ተመለሰች። ከወንድ መምህራን ያነሰ ደሞዝ ሲቀርብላት «እንግዲያው በነፃ አስተምራለሁ» አለች። በነፃ! እንዲህ ያለ ነገር በልብ ወለድ ያስገባ ደራሲ እስር ያንሰዋል። የቶሮዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ባጋያም በ1965 በእንግሊዝ አገር ለጥብቅና የበቃች፣ በ1974 የአሚን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነች ነችና ፋይሏ ለጊዜው ይታገድ።

ትልቁ ሥራ ግን 1941 ላይ ነው።

የቡጋንዳው ንጉሥ፣ ካባካ ዳውዲ ችዋ፣ በ1939 ሲያርፉ ልጃቸው ሙቴሳ ዳግማዊ ዙፋኑን ወረሰ፤ እናቱ ኢሬን ድሩሲላ ናማጋንዳም ናማሶሌ፣ የንጉሥ እናት ሆኑ። ናማሶሌ በቡጋንዳ ዝም ብላ የተቀመጠች ባልቴት አይደለችም። የራሷ ግቢ፣ የራሷ ሹማምንት አሏት፤ ግቢዋም ከልጇ ግቢ በወንዝ ተለይቶ በሌላ ኮረብታ ይሠራል፣ ሁለት ንጉሥ በአንድ ኮረብታ አይነግሥምና። አንድ ነገር ብቻ አይፈቀድላትም፤ ዳግመኛ ማግባት። ናማጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1941፣ ልጃቸው ገና የ16 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ አገባለሁ አሉ። ያውም ተራ ሰው። ያውም በቤተ ክርስቲያን። የአንግሊካኑ ጳጳስ ስቱዋርት ፈቀዱ፤ ካቲኪሮው፣ ማለትም የቡጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርቲን ሉተር ንሲቢርዋ፣ ተስማሙ። አገሩ ተናወጠ። ንሲቢርዋ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ይህን ረቂቅ ለጽሕፈት ቤታችን ገምጋሚ ስጡት። አስተያየቱ እንዲህ ብሎ ይመጣል፦ «ባለታሪኳ አታሳምንም። ግቢ፣ ሹመትና ክብር ያላት ሴት ተራ ሰው ብላ መንግሥት ታናውጣለች? ደራሲው የዛሬን ሐሳብ ለትናንት ሰው አልብሷል። ቋንቋው ግን ያምራል። ሁለት ኮከብ።» ስለዚህ ናማጋንዳ ይሰረዙ። መሰረዝ ቀላል ነው፤ ችግሩ ከመሰረዙ በኋላ ያለው የጽሕፈት ሥራ ነው።

ሠርጉ ከተሰረዘ ጳጳሱ የሚፈቅዱት የለም፤ ፈቃዳቸው ወደ መሳቢያ ይመለስ። የቡጋንዳ ሸንጎ ሉኪኮ የሚቆጣበት የለውም፤ ቁጣው በዓይነት ተቆጥሮ ለንብረት ክፍል ገቢ ይሁን። ንሲቢርዋ የሚለቁበት ምክንያት ከሌለ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እሳቸው ወንበር ላይ ካሉ በምትካቸው የተሾመው ሳሙኤል ዋማላ መቀመጫ የለውም፤ ቆሞ ይቆይ። ዋማላ ካልተሾመ፣ በጥር 1945 ካምፓላን ካመሰው ሁከት በኋላ ከሥልጣን የሚወገድ ካቲኪሮ አይኖርም። የሚወገድ ከሌለ ንሲቢርዋን መልሶ መጥራት አያስፈልግም፤ መቼ ሄዱና! እዚህ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ ምክንያቱም መስከረም ደርሷል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 1945 ሉኪኮ መሬትን ለሕዝብ ጥቅም ለመውሰድ የሚያስችለውን ሕግ አጸደቀ፤ ከውዝግቡ ጀርባ የማኬሬሬ መስፋፊያ መሬት ነበረ። በማግስቱ ማለዳ፣ ወደ ሥልጣን የተመለሱት ንሲቢርዋ በናሚሬምቤ ካቴድራል ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። በተሰረዘው ታሪክ ይህ ጥይት የማን ነው? ገምጋሚው አስቀድሞ «መጨረሻው ተጋኗል፤ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ መግደል ርካሽ ማስደንገጫ ነው» ብሎ ጽፏል። ጥይቱ ግን ተተኩሷል። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻፍለታል፦ «ለጥይቱ። የተላክህበት ሰው ወደዚህ ደጃፍ የመጣበት መንገድ የሚጀምረው በሌለች ሴት ሠርግ መሆኑ ስለተደረሰበት፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ጊዜ ጀምሮ ወደ ቀፎህ እንድትመለስ እናሳስባለን። ግልባጭ፦ ለናሚሬምቤ ካቴድራል፣ ለሉኪኮ፣ ለመዝገብ ቤት።» ጥይቱ መልስ ካልሰጠ ማስታወሻ ይጻፍለታል። ንሲቢርዋ በሕይወት ስለመኖራቸው የጽሑፍ ማረጋገጫ ይሰጣቸው፤ የመሬቱን ነገር የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴም ይቋቋም። ኮሚቴው ሥራውን እስኪጨርስ በማኬሬሬ ሣር ላይ ተጋድመው «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች ሴት የለችም» የሚሉ ተማሪዎች እንዲነሱ ይጠየቃሉ፤ የተጋደሙበት መሬት ለጊዜው ባለቤቱ አልታወቀም።

አሁንስ ሰለቸኝ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ኤስተር ቼሲሬ የተባለች ኬንያዊት የማኬሬሬ ተማሪ ወደ አገሯ ልትሄድ እንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳ ጠፋች። የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ። እንድትመሰክር ከሚጠበቁት አንዷ የሴቶች ማደሪያው የአፍሪካ ሆል ኃላፊ ቴሬሳ ናንዚሪ ቡኬንያ ነበረች። ሳትመሰክር ተገደለች። ዘመኑ ኪራቦ እናቷን የምትፈልግበት ዘመን ነው። የጠፋች ሴት አለች፤ ያየችውን የምትናገር ሴት አለች፤ ምስጢሩም አለ፤ ሁሉም የሆነው እነዚህ አንባቢዎች በየቀኑ በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት በሚያልፉበት ከተማና በዙሪያው ነው። ይህች ሴት ነበረች፤ የተገደለችው በመኖሯ ነው። ገዳዮቿ የጀመሩትን እኛ በወሬ አንጨርስላቸው።

ይቅርታ፤ ለዘመን ዘበኞች ወደማቀርበው ምስጋና ልመለስ። የኛ ሰው ድርሻ እንዳይረሳ እፈራለሁ።

የኛ ሰው የካቲት 23 ሲሆን የእቴጌ ጣይቱን ሥዕል በስልኩ ላይ ለጥፎ ይውላል። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ነገር በቁጣ ያወራል፤ የመቀሌው ምሽግ ውኃ እንዲያዝ ያደረገው የማን ብልሃት እንደሆነ ለኡጋንዳዊ ጎረቤቱ ደረቱን ነፍቶ ያስረዳል። የካቲት 24 ልብ ወለድ ይገልጥና «የድሮ ሴት እንዲህ አትናገርም» ይላል። ጣይቱ በአንድ ሌሊት የት ሄዱ? የመዓዛ መንግሥቴ የጣልያን ወረራ ዘመን ልብ ወለድ «ዘ ሻዶው ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ በተከታዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ሲገባ «ባለታሪኳ ሒሩት? ጠመንጃ ይዛ? ሴቶቹ እኮ ስንቅ ነበር የሚያዘጋጁት» የሚል አርበኛ መቼም አይጠፋም። የደራሲዋ ቅድመ አያት ግን ለዘመቻ የተሰጠው የቤተሰቡ ጠመንጃ ለእኔ ይገባል ብለው አባታቸውን በዳኛ ፊት ከሰው፣ ረተው፣ ጠመንጃውን ይዘው ዘምተዋል። አርበኛዋን ሸዋረገድ ገድሌንም ጣልያን አስሮ ባሕር አሻግሮ አግዟቸዋል። ፋሽስቱ እንኳ መኖራቸውን አምኖ እስር ቤት አዘጋጀላቸው፤ የኛ አንባቢ ግን ማስረጃ ይጠይቃል።

ለሙግቱ አንድ እውነት አልነፍገውም። መጥፎ ታሪካዊ ልብ ወለድ አለ። በ1930 መንደር ውስጥ ቆማ እንደ አውደ ጥናት ሪፖርት የምታወራ ባለታሪክ ብታጋጥመኝ እኔም መጽሐፉን እዘጋለሁ። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያገኝ አንባቢ ግን ገጹን ይጠቁማል፤ «ይህን ነገር የት ሰማችው? ይህን ቃል ማን አስተማራት?» ይላል። ማኩምቢ ላይ ይህን ጥያቄ ብታነሱ መልሱ እዚያው አለ። የኪራቦ እምቢታ ከውጭ አገር የተጫነ ዕቃ አይደለም፤ የሰማችው ከአሮጊት አፍ፣ በተረት መልክ ነው። የንሱታና የኪራቦ አያት የአሊኪሳ የልጅነት ታሪክ ወደ 1930ዎቹ የሚመልሰንም ለዚህ ነው፤ ጥያቄው ከልጅቱ በፊት እንደነበረ ለማሳየት። ደራሲዋ ሴቶቹን መላእክትም አላደረገቻቸውም። እርስ በርስ ሲናከሱ፣ ሲዋሹ፣ አንዷ ሌላዋን ስታጎሳቁል ጽፋለች። ያን ክፍል «አያሳምንም» ያለ ግን የለም። የሴት ክፋት በየትኛውም ዘመን ያለ ማስረጃ ይታመናል።

መጽሐፉ ረዘመብኝ በሉ፣ ሰው በዛበት በሉ፣ ኪራቦ አናደደችኝ በሉ። አልወደድኩትም ብላችሁ ዝም ብትሉም ማንም ምክንያት አይጠይቃችሁም፤ የአንባቢ መብት ነው። ታሪክን ምስክር ስትጠሩ ግን ምስክሩ የሚለውን አስቀድማችሁ ስሙ። የለችም የሚል ሰው የት የት እንደፈለጋት ይናገር፦ የቡጋንዳ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ሜንጎ ሄዷል? ናሚሬምቤን ጠይቋል? የማኬሬሬን ታሪክ ገልጧል? ይህ ሁሉ ከራቀው የገዛ አያቱን ማን እንዳሳደጋቸው፣ መሬቱን ማን ተሟግቶ እንዳስመለሰው፣ አባቱን ማን ትምህርት ቤት እንዳስገባው ይጠይቅ። ብዙዎቹ የማይጠይቁት መልሱን ስለሚያውቁት ነው።